ከምሰሶ ወርጄ የቆየሁባቸው ዓመታት

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ታቦር ከተማ፣ በመብራት መሥሪያ ቤት ነው። የተቀጠርኩት በቀን ሠራተኛነት ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን ምሰሶ ላይ የምወጣ መስሎኝ የክት ሱሪዬን ለብሼ ሄድኩ። የመስመር ቡድኑ ፎርማን ጋሽ አስናቀ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ዶማና አካፋ አስያዙኝ። ቀኑን ሙሉ የምሰሶ ጉድጓድ ስቆፍር ዋልኩ። ሱሪው ከዚያ ወዲያ ለክት አልሆነም።

ስንለያይ "ስምህን ማን አልከኝ?" አሉኝ።

"ሙላት።"

"ሙላት፣ ነገም ትቆፍራለህ። ከነገ ወዲያም ትቆፍራለህ። መሬቱን ሳታውቅ ሰማይ ላይ አልሰቅልህም።"

ቆፈርኩ። ቀጥሎ ረዳት ሆንኩ፤ ሽቦ መዘርጋት፣ ላይ ለወጣው ሰው በገመድ ዕቃ መላክ ተማርኩ። ከዚያ የመስመር ሠራተኛ ተብዬ ቀበቶ ተሰጠኝ። ቀበቶው ወገብን ከምሰሶው ጋር የሚያያይዝ ወፍራም ቆዳ ነው። እግር ላይ ደግሞ እንጨቱን የሚነክስ፣ ጥርስ ያለው ብረት ይታሰራል። ኪስ ውስጥ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ እጅ ላይ ጓንት። በዚያ ዘመን ምሰሶው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ዝናብ ሲመታው እንደ ሳሙና ያዳልጣል።

የጋሽ አስናቀ ሕግ ብዙ አልነበረም። መስመሩን ያጠፋው ሰው ራሱ መጥቶ "አጥፍቻለሁ" ሳይል ማንም ሽቦ አይነካም። አንድ ሰው ሲወጣ አንድ ሰው ከታች ቆሞ ያየዋል። የሚያየው ሰው ሌላ ሥራ የለውም፤ አይቀመጥም፣ ከመንገደኛ ጋር አያወራም፣ ዓይኑን አይነቅልም።

ይህን ሥራ እስከ ጡረታ ሠርቼዋለሁ፤ ሳላቋርጥ ግን አይደለም። ከባድ ድባቴ የሚባል በሽታ አለብኝ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ጀመረኝ፤ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ። የእኛ ሙያ ሰዎች ስንገናኝ በኤሌክትሪክ ስለ መቃጠልና ከምሰሶ ስለ መውደቅ እናወራለን። ስለዚህኛው የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

መጀመሪያ የያዘኝ ጋፋት መብራት ያስገባን ጊዜ ነው። በጋውን ሁሉ በየማሳው ዳር ምሰሶ ስንተክል ከርመን መስመሩ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። አምፖሉ ቦግ ሲል ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ሳሙኝና "ልጄ፣ ብርሃን አይለይህ" ብለው መረቁኝ። ጓደኞቼ ይስቃሉ፣ ጠላ ይቀዳላቸዋል። እኔ ውስጥ ምንም አልነበረም። ደስታው ቀርቶ ኀዘን እንኳ አልነበረም። ሽማግሌውን "አሜን" አልኳቸው፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ። ዶሮ ሳይጮኽ እነቃለሁ፤ ከነቃሁ በኋላ ግን እግሬን ከአልጋ ለማውረድ አቅም አጣለሁ። ምግቡ ሁሉ ገለባ ገለባ አለኝ። በየሳምንቱ የወገቤን ቀበቶ አንድ ቀዳዳ አጠብቃለሁ። ፒንሳ በእጄ ይዤ ፒንሳ እፈልጋለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ቃሉ የሚደርሰኝ ዘግይቶ ነው፣ ከማዶ ጋራ እንደሚመጣ ጥሪ።

እናቴ ጥርጥር አልነበራትም። "ዓይን ነው" አለች። "እጅህን የሳሙህ ሰውዬ የማን ዘር ናቸው?"

"እናቴ፣ መረቁኝ እንጂ ምን አደረጉኝ?"

"ምርቃትም እንደ መራቂው ነው" አለችና ጠበል ወሰደችኝ። ፈቃድ ጠይቄ ክረምቱን እዚያው ተጠመቅሁ። መስቀል ሲደርስ ቀለል አለኝ፤ ጥቅምት ላይ እንጀራው እንጀራ እንጀራ አለኝ። ጠበሉ ነው ብዬ አመንኩ። ዛሬም አይደለም ብዬ አልከራከርም። ያልገባኝ ግን ነገሩ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ መጣ። በዚያን ጊዜ ትርንጎን አግብቻለሁ። ትርንጎ የእብናት ልጅ ናት፤ ደፋር፣ ቀጥተኛ፣ አፏ የማይታሰር። ሕመሙ ሲጀምረኝ ለእሷም ደበቅሁ፣ ለቡድኑም ደበቅሁ። በዝምታ ሥራዬን እሠራ ነበር።

አንድ ቀን በእብናት መንገድ ላይ የተሰነጠቁ ሲኒዎች ልንቀይር ወጣን። ሲኒ የምንለው ሽቦው የሚታሰርበትን ነጭ ሸክላ ነው። ከታች ሆነው የሚያዩኝ ጋሽ አስናቀ ነበሩ። አሮጌውን ፈታሁ፣ አዲሱን አሰርኩ። ጨረስኩ።

"ሙላት! ጨረስክ?"

"አዎ።"

"ውረድ እንግዲህ።"

"እሺ።"

አልወረድኩም። ከሥሬ የገብስ ማሳ ነበር፤ ንፋሱ ወዲያና ወዲህ ያስተኛዋል። እሱን አያለሁ። ጋሽ አስናቀ ደግመው ጠሩኝ፤ ደግሜ እሺ አልኩ። እግሬ ግን የእኔ አልነበረም።

ጋሽ አስናቀ አልጮኹም። ሌሎቹን ከምሰሶው ሥር አራቁና ብቻቸውን ቆሙ። "ሙላት፣ ፒንሳዋን በገመዱ ላክልኝ" አሉ። ላክሁላቸው። "ካቻቢቴውንም።" ላክሁ። "አሁን ወደ እኔ እይ። እንደሱ። ቀኝ እግርህን ንቀልና ዝቅ አድርገህ ትከል። ጎበዝ። አሁን ግራውን።" ዳዴ እንደሚል ሕፃን እየመሩ አወረዱኝ።

መሬት ስረግጥ ቀበቶዬን በእጃቸው ፈትተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ለቡድኑ "ከዛሬ ጀምሮ ሙላት ከእኔ ጋር መሬት ላይ ነው የሚሠራው" አሉ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልሰጡም፤ የጠየቀም የለም።

ስንመለስ ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"እዚያ ላይ ሆነህ ምን ታስብ ነበር?"

"ምንም።"

"ራስህን ልትጥል ነበር ወይ?"

እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "አይ ጋሼ" አልኳቸው። "ብቻ ለመውረድም ምክንያት አጣሁ።"

ከተማው ሲታየን "እኔ ሐኪም አይደለሁም" አሉኝ። "ነገ ግን አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።"

"እብድ ይሉኛል።"

"ይበሉሃ! ሬሳ ከሚሉህ አይሻልም?"

የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ከሆስፒታሉ ግቢ ጥግ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች። ሰልፈኛው ሁሉ ነጠላውንና ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጣል አድርጓል። ጋሽ አስናቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የሚያውቃቸውን ሁሉ ጮክ ብለው ሰላም እያሉ ከእኔ ጋር ተሰለፉ። የተቀበለችን ነርስ ሲስተር ወይንሸት ትባላለች። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ፤ ሳትቸኩል አዳመጠችኝ።

"ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?"

የጋፋቱን ነገርኳት።

"እንግዲያው ይህ ሁለተኛህ ነው። ስሙ ድባቴ ነው፤ በሽታ ነው፣ የሐሞት ማነስ አይደለም። ሁለት ጊዜ የመጣ ደግሞ ሊመጣ ይችላል። ይህን ዛሬውኑ ብታውቀው ይሻላል።"

"አይድንም ማለት ነው?"

"ይድናል። ተመልሶም ሊመጣ ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው።"

ኪኒን ሰጠችኝ። ሥራ እስኪጀምር ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ አፍ እንደሚያደርቅ፣ እንደሚያስተኛ ነገረችኝ፤ እሷ እስክትፈቅድም ምሰሶ ላይ እንዳልወጣ ከለከለችኝ። ጋሽ አስናቀ ነገሩን ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ይዘው ገቡ። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

"አስናቀ፣ የጭንቅላት ሕመምተኛ ይዤ አንድ ነገር ቢሆንብኝ ማን ይጠየቅልኛል?" አሉ ኃላፊው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነው።

"ምሰሶ ላይ አይወጣም፤ ሐኪሟም ከልክላለች።"

"ምሰሶ ላይ የማይወጣ የመስመር ሠራተኛ ምን ያደርግልኛል?"

"ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ገመድ ይስባል። ያ እጁ የተሰበረው ልጅ እስኪጠገን መሬት ላይ አልነበር የዋለው? የዚህም የተሰበረው ውስጡ ነው። ይጠገናል።"

ኃላፊው "በአንተ ኃላፊነት" አሉ። ጋሽ አስናቀም "በእኔ" ብለው ወጡ።

ስለዚህ ወደ ዶማው ተመለስኩ። ገበያ ውስጥ "ሙላት ወረደ" ተባለ። ከእኔ በኋላ የተቀጠሩ ልጆች ሲወጡ ዕቃ በገመድ እልክላቸዋለሁ። አሳፍሮኛል፣ አልዋሽም። ግን በየጠዋቱ የምሄድበት ነበረኝ፤ ስሜን ጠርቶ "ና ያዝ" የሚለኝ ሰው ነበረኝ። ኪኒኑ ሥራውን የጀመረው በዚያ መሃል ነው። አንድ ቀን ጉድጓድ ስቆፍር የአፈሩ ሽታ ሸተተኝ። ያን ሽታ ያሸተትኩት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

ሲስተር ወይንሸት ስትፈቅድልኝ ጋሽ አስናቀ ቀበቶዬን ከቤታቸው አመጡት። ግምጃ ቤት አላስገቡትም ነበር። ግቢያችን ውስጥ ሽቦ የሌለው መለማመጃ ምሰሶ አለ፤ እዚያ አቁመው ራሳቸው አስታጠቁኝና "ውጣ" አሉኝ። ወጣሁ። ላብ ያጠመቀኝ የከፍታው ፍርሃት አልነበረም። የእኔን እግር የሚያምን ሰው ማየቴ ነው።

ቀጥሎ ደህና ዓመታት ሆኑልኝ። ልጆች ወለድን፤ አንደኛ ደረጃ የመስመር ሠራተኛ ተባልኩ። ደህና ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል ብዬ ለማንም ሳልነግር መድኃኒቴን ተውኩት። ለጊዜው ምንም አልሆንኩም፤ ያ ነው የሚያታልለው። ጋሽ አስናቀ ጡረታ በወጡ ማግሥት፣ ሳላስበው፣ በሽታው መጣ። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

ቀድማ ያወቀችው ትርንጎ ናት። "ታመሃል" አለችኝ።

"በምን አወቅሽ?"

"የምለውን ሁሉ እሺ ትላለህ። ደህና ስትሆን መች ትሰማኛለህ?"

እውነቷን ነበር። በሬያችን ይሸጥ ስትል እሺ፣ አይሸጥ ስትል እሺ። የሚጨቃጨቅ ሰው ጠፍቶባት ፈራች። ከዚያ በኋላ ተኛሁ። ገላዬን አልታጠብም፣ ጢሜን አልላጭም። ልጆቼ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አንድ ቀን "እናንተ ያለ እኔ ይሻላችኋል" አልኳት።

አላለቀሰችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና "ይህን ያልከው አንተ አይደለህም፣ በሽታው ነው" አለች። "ሙላት ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።" በዚያው ቀን ወንድሟንና ጋሽ አስናቀን ጠራች። ከዚያ በኋላ አንድ ደቂቃ ብቻዬን አልተውኝም። ጋሽ አስናቀ በርጩማ ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸውን አይነቅሉም። አንዳንዴ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ።

ሲስተር ወይንሸት ወደ ባሕር ዳር ላከችኝ፤ እዚያ ሆስፒታል ተኛሁ። መድኃኒቱ ተቀየረ። ከወጣሁ በኋላም ቤት ውስጥ ወራት ፈጀብኝ። እናቴ ጠበል ካልሄደ ብላ፣ ትርንጎ ኪኒኑን እንዳያቋርጥ ብላ ተጨቃጨቁ። ዳኛ የሆኑት የንስሐ አባቴ ናቸው።

"ጠበሉንም ጠጣ፣ ኪኒንህንም ዋጥ" አሉኝ። "ማን ተጣሉ አለህ? መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው የፈጠረስ ማን ሆነና?"

ትርንጎ ደግሞ ከሐሙሲት ወዲያ ካለው የዋንዛዬ ፍል ውኃ ወሰደችኝ። ብዙ ሰው ለቁርጥማትና ለቆዳ የሚሄድበት ነው፤ ለእኔ ሕመም መድኃኒት ነው ብላ አይደለም፣ ከአልጋው እንድነሳላት ብላ ነው። ውኃው ውስጥ ገባሁ። ጥቂት ቆይቼ "ያቃጥላል" አልኩ። ትርንጎ ዳር ላይ ቆማ ልብሴን ይዛ ነበር። "ምን አልክ?" አለችኝ። "ያቃጥላል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!" ስላት ልብሴን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከስንት ወር በኋላ ቅር ያለኝን ነገር ስናገር መስማቷ ነበር።

ወደ ሥራ ስመለስ ጋሽ አስናቀ በቡድኑ የሉም። አዲሱ ፎርማን ዕቃ ግምጃ ቤት እንድሠራ መደበኝ፤ ሐኪሟ ፈቅዳ እንኳ ቀበቶ አልሰጠኝም። "አርፈህ ተቀመጥ፣ ለምን ትደክማለህ?" ይለኛል፤ ለእሱ ደግነት ነው። እኔ ግን ሲኒና ሽቦ እየቆጠርኩ ስውል ደህና ሆኜም የታመምኩ ያህል ተሰማኝ። ያ ዘመን ከሕመሙ ቀጥሎ የከበደኝ ዘመን ነው።

ከዚያ ያወጣችኝ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ኢንጂነር ናት። ፎርማኑ ሲዛወር ቦታው ክፍት ሆነ። ጠርታ ቢሮዋ አስቀመጠችኝ።

"ጋሽ ሙላት፣ በልምድ ከእርስዎ የሚበልጥ የለም። ግን ታመው እንደሚያውቁ ነግረውኛል። አሁን ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። ግን ሊመለስ ይችላል።"

ግልጽ ሆኜ ስለተናገርኩ ደነገጠች መሰለኝ። "ከተመለሰ ምን እናድርግ?" አለች።

"ባለቤቴ ስልክ ትደውላለች፤ እሷ ከእኔ በፊት ታውቃለች። በዚያ ቀን ቀበቶዬን ተቀበሉኝና መሬት ላይ አሠሩኝ። ሐኪም ሲፈቅድ መልሱልኝ።"

"ማን ይቀበልዎታል? ፎርማን እኮ ነዎት።"

"ይርጋ" አልኳት። ይርጋ ከቡድኑ ሁሉ ጠንቃቃው ነው፤ የጨጭሆ ልጅ፣ ቁጥብ፣ ለታላቅ ቀና ብሎ የማይናገር። ጠርተን ነገርነው። "እሺ" አለ፤ ፊቱ ግን ጠቆረ።

ፎርማን ሆንኩ። ጋሽ አስናቀ ሲያርፉ በሽታው ይመጣብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልመጣም። አልቅሼ ቀበርኳቸው፣ በተዝካራቸው ቆሜ አስተናገድኩ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። የመጣው በሌላ ጊዜ፣ የበኩር ልጄ በተመረቀ ሰሞን፣ ኪኒኔንም ሳላቋርጥ፣ ቤቱ ደስታ በሞላበት ነው። ሰው "ምን ጎደለህ?" ይለኛል። ምንም አልጎደለኝም። በሽታው ጎደሎ አይፈልግም።

ትርንጎ ለይርጋ ደውላ ነበር። ጠዋት ግቢ ስደርስ መኪናው በር ላይ ጠበቀኝ።

"ጋሼ፣ ዛሬ አንቱ አይወጡም።"

"ማን አለ?"

"እኔ።"

"አንተ ማን ነህ?" አልኩት። ቡድኑ ሁሉ ይሰማል።

"እንዲህ ስሆን ቀበቶዬን ተቀበለኝ ያሉኝ ሰው ነኝ። ይስጡኝ ጋሼ።"

በአገራችን ታናሽ ለታላቁ እንዲህ አይልም። ደሜ ፈላ። ከዚያ አየሁት፤ እጁን ዘርግቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው፣ ለዚያውም ለፎርማኑ፣ ያን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደከበደው ገባኝ። ቀበቶዬን ፈትቼ ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላ አብሮኝ ሆስፒታል ሄደ። ሲስተር ወይንሸት በዚያን ጊዜ ጸጉሯ ሸብቷል፤ መጠኑን ጨመረችልኝ።

ያኛው አጭር ነበር፤ በጊዜ ስለተያዘ ሥር አልሰደደም። ከባዱ ሌላ ሆነ። መንገድ በተዘጋ ሰሞን መድኃኒቱ ከከተማው ፋርማሲዎች ሁሉ ጠፋ። ትርንጎ የምታውቀውንም የማታውቀውንም ጠየቀች። በመጨረሻ የተገኘው ሲስተር ወይንሸት ዘንድ ከምትከታተል አንዲት የወረታ ሴት ነው፤ ካላት ላይ አካፍላ በሰው እጅ ላከችልኝ። ሴትዮዋን በዓይኔ አላውቃትም። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳታለሁ።

ሲስተር ወይንሸት ስትፈቅድ ይርጋ ራሱ ቀበቶዬን ይዞ መጣ። አጥቦታል፤ የላላውን ማሰሪያም ቀይሮታል። በጎደሉ ሦስት ምሰሶዎች ምትክ አዲስ ተክለን ሽቦ ልናስር ወደ ክምር ድንጋይ መንገድ ወጣን። እኔ ወጣሁ፤ ከታች ቆሞ የሚያየኝ እሱ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ዛሬም ኪኒን እውጣለሁ። በሽታው ባለፈው ክረምትም ጎብኝቶኝ ነበር፤ አሁን በእርጅናዬ ሲመጣ ከኀዘኑ ይልቅ በድካምና በመርሳት ነው። ትርንጎ ያው ታውቀዋለች። ስንት ጊዜ እንደሚቀረው አላውቅም፣ ላውቅም አልሞክርም። በጠቅላላ ስቆጥረው ከታመምኩበት ደህና ሆኜ የሠራሁበት ዘመን ይበልጣል።

ይህን የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼ ነው፣ በተለይ ሰው ለምታሠሩት። ድባቴ የያዘው ሠራተኛ ስታዩ ከአደገኛው ሥራ አንሱት፣ ሐኪም ዘንድም አድርሱት። ሐኪም ሲፈቅድለት ደግሞ ወደ ሙያው መልሱት። ፊተኛውን ብዙ ሰው ያደርገዋል። ኋለኛውን ካላደረጋችሁ ግን ሥራው ግማሽ ነው።